በላይን በወፍጮ ድምፅ፦ የአንድ ትረካ የሥራ ማስታወሻ

የካቲት 12

ነገሩ የተጀመረው ዛሬ ከስድስት ኪሎ፣ ከሰማዕታት ሐውልት ስንመለስ ነው። የአክስቴ የልጅ ልጅ አብሮኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ስለ አርበኞች እያወራን ስንወርድ፣ «በላይ ዘለቀን ታውቀዋለህ?» አልኩት። «አዎ፣ መንገድ ነው» አለኝ።

ልክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የሚጠራ መንገድ አለ። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ነው የሚጠራው። ልጁ አልተሳሳተም። ስሙን ሰጥተነዋል፣ ሰውየውን ግን አልነገርነውም።

ማታ ደብተር ገዝቼ ገባሁ። ሚያዝያ 27፣ የአርበኞች ቀን፣ በላይን በአርባ ደቂቃ የመድረክ ትረካ ልናገረው ነው። ተውኔት አይደለም። አንድ ተራኪ፣ አንድ ድምፅ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠ አድማጭ፣ በቃ። ሰማንያ ወንበር ያለው የቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ሊሰጡኝ ቃል ገብተውልኛል። ሰባ አምስት ቀን አለኝ።

የካቲት 16

ሦስት መጻፊያ ይዤ ተቀመጥኩ። በቀይ የተጻፈውን፣ በሰማያዊ የሚነገረውን፣ በእርሳስ እኔ የምፈጥረውን። ሦስቱን ከተቀላቀሉ በኋላ መለየት ከባድ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ለየኋቸው።

ቀዩ ገጽ ቶሎ ሞላ። ጎጃም፣ ብቸና። አባት ዘለቀ ላቀው፣ እናት ጣይቱ አስኔ፣ ወንድም እጅጉ። የፈረስ ስሙ አባ ኮስትር። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ገባ። በ1930 ጎጃም በየአቅጣጫው ተነሣ። እነ መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ነጋሽ በዛብህ፣ እነ ኃይሉ በለው በየበኩላቸው ተዋጉ። በላይ ትልቅ የባላባት ስም ሳይኖረው የብቸናን አገር እስከ አባይ በረሃ አስከተለ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዋና ከተማቸው ተመለሱ፣ ጣሊያን ከገባ ልክ አምስት ዓመት። በላይ ደጃዝማች ተባለ፣ ብቸናም ተሰጠው። ከዚያ ከመንግሥት ጋር ተጣላ። ሶማ ላይ ተዋጋ፣ ተያዘ። ሞት ተፈርዶበት ወደ እስራት ተቀየረለት። ከእስር ቤት አመለጠ፣ ተያዘ። ጥር 1937 ተሰቀለ። ወንድሙ እጅጉና ልጅ ማሞ ኃይሉም አብረውት ተሰቀሉ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ እጄ ከገጹ አልነሣ አለ። አምስት ዓመት ለዚያች ባንዲራ ጫካ የተኛ ሰው፣ ባንዲራዋ በተመለሰች በአራተኛው ዓመት ተሰቀለ።

ሰማያዊው ገጽ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ጻፍኩ። አንደኛው፣ በልጅነቱ የተገደለ አባቱ አስከሬን ተሰቅሎ አየ የሚባለው ነው። ሁለተኛው የማዕረጉ ነገር። በጫካ ለተከታዮቹ ማዕረግ ሲያድል፣ «አንተስ ምን ትባል?» ቢሉት፣ እናቴ በላይ ብላኛለች፣ ይበቃኛል አለ ይባላል።

እርሳሱ ገና ባዶ ነው።

የካቲት 24

ትናንት አድዋ ነበር። ከጎረቤት ልጅ ላይ ጎፈር ተዋስኩ፣ የእንጨት ጠመንጃም አገኘሁ። ዛሬ ሳሎን ውስጥ ለስድስት ሰው ራሴን በላይ አድርጌ ሞከርኩት። «እኔ አባ ኮስትር!» ብዬ ተነሣሁ።

አልሆነም። አጨበጨቡልኝ፣ ቪዲዮ ቀረጹኝ፣ አንዷ የእህቴ ጓደኛ እልልታዋን አቀለጠችው። ሲያልቅ ግን ስለ በላይ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ስለ ጎፈሩ ጠየቁኝ። ስለ ድምፄ አወሩ። ሰውየው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ፉከራ ለሚፎክረው ሰው ነው። ፎካሪው የራሱን ግዳይ ይቆጥራል። እኔ ያልገደልኩትን ቆጥሬ፣ ያልዋልኩበትን ጦር ሜዳ ዋልኩ ስል ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀለለብኝ። ነገ ጎፈሩን እመልሳለሁ።

መጋቢት 2

ሁለተኛ ሙከራ። ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እንደ ታሪክ መምህር፣ ከልደት እስከ ሞት። በሃያኛው ደቂቃ አባቴ እንቅልፍ ወሰደው። ስሞቹን ቆጠርኳቸው፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ስም ጠርቻለሁ። አድማጭ ወደ ኋላ ገልጦ አያነብም። ያመለጠው ስም አመለጠው።

አራት ስም ብቻ ላስቀር ብዬ ወሰንኩ። በላይ፣ እናቱ ጣይቱ፣ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ፣ ልጅ ማሞ። እጅጉን አወጣሁት። ከበላይ ጋር የሄደ፣ ከበላይ ጋር የሞተ ነው፣ ስለዚህ «ወንድሙ» ማለት ይበቃል ብዬ ነው። ሳወጣው ደስ አላለኝም።

መጋቢት 9

ዛሬ ረጅም ቀን ነበር። ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ጉለሌ አንዲት እማሆይ አሉ፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው። ተወልደው ያደጉት ብቸና ገጠር ነው። ጣሊያን ሲወጣ ልጅ ነበሩ። ጾም ስለሆነ ከሰዓት፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሄድኩ። ስልኬን አስቀምጬ፣ ፈቃድ ጠይቄ ድምፅ መቅዳት ጀመርኩ። ስለ በላይ ጠየቅኳቸው።

«እኔ በላይን አላየሁትም፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ወፍጮ ነው ያየሁ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀስ ብለው አስረዱኝ። አርበኛ ሲመጣ ሌሊት ነው የሚመጣው። ስንቅ ይፈልጋል። በሶ ነው፣ ጭብጦ ነው፣ ቆሎ ነው። እሳት የማያስነድድ፣ በአቁማዳ የሚያዝ። በሶውን የምትፈጭ እናታቸው ናት። ችግሩ የወፍጮው ድምፅ ነበር። አንድ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሲፈጭ ካደረ ባንዳው ይሰማል። ይህ ቤት አምስት ነፍስ ነው ያለው፣ ለማን ነው ይህ ሁሉ እህል? ይላል። ስለዚህ ሴቶቹ ተከፋፈሉት። አንዷ ከአንዱ ቁና በላይ አትፈጭም። አንዷ ስታቆም ሌላዋ ማዶ ትጀምራለች። እህሉ በጨለማ በልጅ ራስ ላይ ከቤት ቤት ይዞራል። ልጅቷ እሳቸው ነበሩ።

«እናቴ መጁን ስታቆም እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ» አሉ። «ማዶ እስኪጀምር። ማዶ ካልጀመረ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።»

ይህን ሲሉ ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ወደፊት ወደኋላ ይሄድ ነበር። ድምፅ አልነበረውም። ነጠላቸው ብቻ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ዓይኔን ከዚያች እጅ ላይ መንቀል አልቻልኩም። ሰማንያ ዓመት አልፎ እጃቸው አሁንም ያውቀዋል።

«ስለ ስቅላቱ ስትሰሙ ምን ተባለ?» አልኳቸው በመጨረሻ።

ዝም አሉ። ከዚያ፣ «እናቴ ያን ቀን አልፈጨችም» አሉ። ሌላ ነገር አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም።

ስነሣ፣ «አንቺ ልጅ፣ አትጩሂ» አሉኝ። «ስለ እሱ ሲያወሩ ሁሉም ይጮኻል። እኛ እኮ በሹክሹክታ ነው ያወቅነው።»

ታክሲ ውስጥ ሆኜ በእርሳስ የመጀመሪያዋን መስመር ጻፍኩ። የምትፈጭ ሴት። ትረካው በእሷ አፍ ነው የሚሄደው። በላይ ራሱ አይናገርም። እሷ ሌሊት በሶ እየፈጨች የሰማችውን ትነግረናለች። ሴትየዋ በስም አትጠራም። እኔ የፈጠርኳት መሆኗንም ከመጀመሬ በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ለአድማጩ እነግራለሁ።

መጋቢት 15

ወፍጮ ተገኘ። የሥራ ባልደረባዬ እናት ጓሮ ውስጥ ለዓመታት የዶሮ ውኃ ማጠጫ ሆኖ የኖረ ድንጋይ ነው። መሃሉ ጎድጉዷል። መጁም አለ። ሁለት ጎረምሶች ሚኒባስ ላይ ጫኑልኝ።

አጥቤ፣ አድርቄ፣ የታመሰ ገብስ ገዝቼ መፍጨት ጀመርኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ትከሻዬ አለቀ። ፈጭታ ያሳደገችኝ አያቴ በዓይኔ መጣችብኝ።

የዛሬው ትምህርት ይህ ነው። መጁ ወደፊት ሲሄድ ድምፁ ይበዛል፣ ትንፋሽም ይወጣል። ያኔ ብናገር ቃሉ ይዋጣል። ወደኋላ ሲመለስ ድንጋዩ ያርፋል፣ ያኔ ነው መናገር የሚቻለው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሮቼ ሁሉ ማጠር አለባቸው። «መጡ።» ግፊት። «ሌሊት ነበር።» ግፊት። «ዝናብ ነበር።» ግፊት። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ረጅም ዓረፍተ ነገር ሁሉ ወደቀ። የቀረው ግን እንደ ሰው ንግግር ይሰማል።

የገብሱ ሽታ ደግሞ ራሱ ግማሹን ታሪክ ይናገራል። ክፍሉ ሁሉ የታመሰ እህል ሸተተ።

መጋቢት 19

ለእማሆይ የፈጨሁትን በሶ ወሰድኩ። ቆንጥረው በጣታቸው አሹት። «ሻካራ ነው» አሉ። ደግሞ፣ «እኛ ቆመን ጎንበስ ብለን ነው የምንፈጨው፣ መደቡ ከፍ ያለ ነው» አሉኝ። መሬት ላይ ተንበርክኬ ነበር የምለማመደው። ለአናጺ ደወልኩ፣ ወፍራም ሳጥን አዘዝኩ።

መጋቢት 28

በዚች ቀን በ1933 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። እኔ ደግሞ ከሁሉ የከበደኝን ክፍል የምጽፈው ዛሬ ሆነ።

ጣሊያኖቹ ደብረ ማርቆስን ለቅቀው ሲወጡ፣ በኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራው ጦር ከነቤተሰቡ፣ ከነጓዙ፣ በሺዎች ሆኖ ወደ አባይ ወረደ። መንገዱ በበላይ አገር ነው። ሊዘጋባቸው ይችል ነበር። አልዘጋም። በዘመቻው የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች እንደጻፉት፣ ከጣሊያን ጋር ያደሩት ራስ ኃይሉ በመሃል ገብተው፣ ልጃቸውን እድርልሃለሁ ብለው አባብለውት ነው። ጦሩ አባይን ተሻገረ። እጁን የሰጠው ከሳምንታት በኋላ፣ ግንቦት ውስጥ፣ አጊባር ላይ ነው።

ይህን ልናገር ወይስ ልተው? አንድ የታሪክ መምህር ወዳጄን ጠየቅኩ። «በጀግና ላይ ጭቃ አትለጥፊ» አለኝ። ተናዶብኛል። ስሜቱ ይገባኛል። ለዚህ ሰው ብዙ ተከፍሏል፣ ስሙም ብዙ ጊዜ ተዘልፏል።

ግን አስቡት። ባላባቶች ዝቅ አድርገው ያዩት የነበረ ሰው ነው። ማዕረግ የሰጠው የለም። ከዚያ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ፣ የጎጃሙ ራስ፣ ልጄን ላንተ ይሉታል። ያን ጊዜ ልቡ ውስጥ የሆነውን ማንም አልጻፈውም፣ እኔም አልፈጥርም። ይህን ካስወጣሁ ግን የሚቀረኝ ሐውልት ነው። ሐውልት ደግሞ አለን።

እናገራለሁ። በሴትየዋ አፍ። ሌሊቱን በሶ ፈጭታ ጠብቃለች። ስንቁ ተቋጥሮ በር ላይ ተቀምጧል። ማንም ሊወስደው አልመጣም። ጠዋት ጎረቤት መጥታ፣ «ተሻገሩ» ትላታለች። ሴትየዋ አትፈርድም። አቁማዳውን ፈትታ በሶውን ወደ ቤት ትመልሳለች። በቃ፣ ከዚህ በላይ አልጨምርም።

መምህሩ ወዳጄ ሚያዝያ 27 ይመጣል። ቃል አስገብቼዋለሁ።

ሚያዝያ 5

የቀረርቶ ጉዳይ። ድምፁ የሚያምር፣ ጎጃም ያደገ ልጅ አግኝቻለሁ። አዳራሹ ጥግ ሆኖ፣ ሳይታይ ያዜማል። ሦስት ቦታ ላይ ሞከርነው። በተጀመረ ቁጥር አድማጩ ይነሣል፣ ያጨበጭባል፣ ደሙ ይሞቃል። ያ ጥሩ ነው። ግን ቢያንስ ለሁለት ደቂቃ መልሶ አያዳምጥም። ሦስት ጊዜ ካደረግኩት ስድስት ደቂቃ ጠፋ።

አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን ተባባልን። በ1930ው መነሣት ላይ። እና መሃል ላይ ይቋረጣል፣ ምክንያቱም ባንዳ በመንገድ እያለፈ ነው። ሴትየዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። ልጁ ዝም ይላል። ስንሞክረው የተቀመጡት ሁሉ አብረው ዝም አሉ። አንድ ሰው ሊያስል ሲል አፉን ያዘ።

ሌላ ውሳኔ። መድረክ ላይ ገመድ ልሰቅል አስቤ ነበር። ከአባትየው አስከሬን እስከ ልጅየው መጨረሻ ሳይነካ የሚታይ። ዛሬ ፈትቼ አወረድኩት። ሰው ሁሉ ገመዱን ነው የሚያየው። ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ሞቱን አሳየኋቸው ማለት ነው። በላይ ግን ኖሯል። ሠላሳ ዓመት ገደማ በሕይወት ነበር። እናት ነበረችው።

ሚያዝያ 14

ለሃያ ሦስት ተማሪዎች ሙሉውን ሞከርኩ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ።

የማዕረጉ ቦታ ላይ የሆነው ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። «ለዚያኛው ፊታውራሪ። ለዚህኛው ደጃዝማች። 'አንተስ?' አሉት።» መጁን አቆምኩ። «እናቴ...» ብዬ ዝም አልኩ። ከኋላ አንድ ልጅ በዝግታ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፣ «በላይ ብላኛለች» አለ። ሌሎቹ ዞረው አዩት። እኔ አልጨረስኩትም። እሱ ጨረሰው። ከእንግዲህ ይህን ዓረፍተ ነገር በፍጹም አልጨርሰውም።

መጨረሻው ላይ ግን ቸኮልኩ። አንዲት ተማሪ፣ «ታዲያ ለምን ሰቀሉት?» አለች። አራት ደቂቃ ስለ መጨረሻው አውርቼ ያ ጥያቄ ከቀረ አልተናገርኩም ማለት ነው። ማታ እንደገና ጻፍኩት። ቅደም ተከተሉን ብቻ። ደጃዝማች ተባለ። ብቸና ብቻ ተሰጠው። ከጣሊያን ጋር ያደሩ ሰዎች ሲከበሩ አየ። ሲጠሩት አልሄድም አለ። ጦር መጣበት። ሶማ። እስር። የሞት ፍርድ። ምሕረት። ከልጅ ማሞ ጋር ማምለጥ። መያዝ። እያንዳንዱ ቃል በአንድ መጅ። የትኛው ላይ መቆም ይቻል እንደነበር አድማጩ ራሱ ይፈልገው።

ልጅ ማሞ ደግሞ የራስ ኃይሉ ልጅ ነው። በላይን በጋብቻ ተስፋ ያባበሉት የራስ ኃይሉ። ይህን ስናገር ሁለት ልጆች እርስ በርስ ተያዩ።

ሚያዝያ 22

አዳራሹ ውስጥ ሳጥኑ ችግር ሆነ። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ድንጋዩ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። አፈር ሞላንበት፣ ተስተካከለ። ማይክ አልጠቀምም። ሰማንያ ሰው ከሆነ ዝቅ ያለ ድምፅ ይደርሳል፣ ሰዎቹ ወደፊት ዘንበል ካሉ። ዘንበል ይላሉ።

ሚያዝያ 27

ሰማንያው ወንበር ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እማሆይ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጥተው ከፊት ተቀመጡ። የአክስቴ የልጅ ልጅ አጠገባቸው። መምህሩ ወዳጄ እጁን አጣምሮ ከኋላ።

ስለ አባይ መሻገር ስናገር ቀና ብዬ አላየሁትም። አቁማዳውን ስፈታ ግን በሶው ወለሉ ላይ ትንሽ ፈሰሰ፣ ሳላስበው። እጄ ስለተንቀጠቀጠ ነው። ጎንበስ ብዬ በእጄ ሰበሰብኩት። አዳራሹ ውስጥ ምንም ድምፅ አልነበረም። ከዚህ በኋላ ሆን ብዬ አፈሰዋለሁ።

«እናቴ» ላይ ስቆም አንድ ሰው አልነበረም የጨረሰው። ግማሹ አዳራሽ ነው። በሹክሹክታ።

ጥር 1937 ላይ ደረስኩ። «ያን ቀን አልፈጨሁም» አልኩ። መጁን አስቀመጥኩ። የተጻፈልኝ ቀጣይ ሥራ ማጎንበስና መብራት መጥፋት ነበር። ከማጎንበሴ በፊት እማሆይን አየሁ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። አይንቀሳቀስም። ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ማዶ እስኪጀምር እንደሚጠብቁ። እኔም ጠበቅኩ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። መብራት የያዘው ልጅም ገብቶት ነበር መሰለኝ፣ አልቸኮለም።

በኋላ በሶውን በማር ለውሰን በትንንሹ አዳረስን። መምህሩ ወዳጄ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ፣ ከዚያ ሳይናገር ሄደ። ሰዎች ድንጋዩን ለመንካት ተሰለፉ።

የአክስቴ የልጅ ልጅ መጁን በሁለት እጁ ይዞ ሊገፋው እየሞከረ ነበር። ከብዶታል።

«ወንድሙስ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ማን?»

«አብሮት ተሰቀለ አላልሽም? ወንድሙ ስም የለውም?»

እማሆይ ሰምተው ፈገግ አሉ። «እጅጉ» አሉት። «እጅጉ ዘለቀ።»

ልጁ ስሙን ሁለት ጊዜ ደገመው። እኔ ደብተሬን ከቦርሳ አውጥቼ መጋቢት 2ን ገለጥኩ። አራት ስም የሚለውን ሰረዝኩት። አምስት።